በይፋት ቆላ በኩል የመጣው መምህር

ሸዋ ሮቢት ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ ሽንኩርቱና ማሾው፤ ከዚያም (የሸዋ ሮቢት ልጆች አትቀየሙን) ማረሚያ ቤቱ። የደሴ አውቶብስ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ቁልቁል ሲወርድ ተሳፋሪው አንድ በአንድ ጃኬቱን የሚያወልቅበት አገር ነው። መዝገበ ቃላት፣ ሰዋስው፣ የመማሪያ መጽሐፍ ሲባል ይፋት ቆላን የሚያስታውስ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመንም። ዛሬ የምናወራው ስለዚሁ ነው።

መነሻችን የራሳችን ዘመን ጉዳይ ነው። አንድ ጓደኛ አላችሁ እንበል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሁለት ሦስት ዓመት ቋንቋ አስተማረ። ከዚያ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ድርጅት ገብቶ አርታኢ ሆነ። አሁን ደግሞ ለአንድ የግብርና ፕሮጀክት የአጠቃቀም መመሪያ ይጽፋል፤ ያው ማንዋል የምንለውን። ዘመድ አዝማድ ምን ይለዋል? "ይሄ ልጅ አንድ ቦታ መርጋት አቃተው!" ይለዋል። ቀጣሪውም ሲቪውን አገላብጦ "ለመሆኑ ሙያህ ምንድን ነው?" ማለቱ አይቀርም።

እኛ ደግሞ ሙያው አንድ ነው እንላለን። ቋንቋ ማስተማር፣ የትምህርት መጽሐፍ ማሳተምና አስቸጋሪውን ነገር ሰው እንዲገባው አድርጎ መጻፍ የአንድ ሥራ ሦስት እጆች ናቸው። ታሪክም ይመሰክርልናል። ሦስቱ እጆች ከሚያነበው ሰው ርቀው በነበሩበት ዘመን ብዙ ተለፍቶ ጥቂት ደረሰ። አገር ቤት በገቡ ጊዜ ግን እስከ ዛሬ የምንገልጠው መጽሐፍ ወጣ።

(ዘመን አቆጣጠሩን ቀድመን እንግባባ፤ ቁጥሩን ብቻ ስንጽፍ እንደ አውሮፓውያን ነው፣ "ዓ.ም." ያልንበት ግን የኛው ነው።)

አራት ቋንቋ በአንድ መንገድ

በ1839 ሁለት ጀርመናውያን ከታጁራ ወደብ ተነሱ። አንዱ ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ፣ ሌላው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ይባላሉ። ሁለቱም የእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር መልእክተኞች ነበሩ። መንገዱ የአሳልን የጨው ሐይቅ፣ የአፋርን በረሃና አዋሽን አቋርጦ ወደ ሸዋ የሚወጣው የቅፍለት መንገድ ነው። ጨው በግመል ይወጣበታል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ እንዲሁም (መደበቅ የለበትምና) ባሪያ ይወርድበታል።

መንገዱ ከደጋው ግርጌ ፋሬ ላይ ይደርሳል። ፋሬ የሸዋ መግቢያ በር ነበረች። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደቡብ፣ ያንኑ የተራራ ግርጌ ይዛችሁ ብትሄዱ የምታገኟት የይፋት ቆላ ቦታ ናት። በሩን የሚጠብቀው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሹም ወላስማ መሐመድ ነበር። "ወላስማ" የሚለውን ስም ልብ በሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የይፋትን ሱልጣኔት የመሠረተው ሥርወ መንግሥት ስም ነው። ሱልጣኔቱ ካለፈ ከስንት መቶ ዓመት በኋላም ማዕረጉ ቆላውን ያስተዳድር ነበር ማለት ነው። ይኸው ሹም የንጉሡ የቅርብ ዘመዶች የሚታሰሩበት የጎንቾ እስር ቤት ጠባቂም ነበር። እንግዲህ የእስር ቤት ነገር ለይፋት ቆላ የትናንት ታሪክ አይደለም!

ከፋሬ ሽቅብ ሲባል አልዩ አምባ ይደረሳል፤ ያኔ ትልቁ የአርጎቦች ገበያ። ከዚያ ላይ አንኮበር፣ የንጉሡ ከተማ። ከአንኮበር ወደ ምዕራብ ደግሞ ንጉሡ የሚሰነብትበት አንጎለላ፣ ከኦሮሞው አገር ጋር የሚጎራበት። አንድ መንገደኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ አፋርኛ፣ አርጎብኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ይሰማል። ለነጋዴው ይህ የዕለት ተዕለት ኑሮው ነው። ቋንቋ ለሚሰበስብ ሰው ግን ይፋት ቆላ በእግር የሚገባበት ቤተ መጻሕፍት ነበር።

ውጤቱም ታየ። በ1840 የኢዘንበርግ ትንሽ የአፋርኛ የቃላት ዝርዝር ለንደን ታተመ። በዚያው ዓመት የክራፕፍ የኦሮምኛ ሰዋስው ረቂቅ ወጣ። ያ የግመል መንገድ ያወጣው ጨውና ቡና ብቻ አልነበረም ለማለት ነው።

ንጉሡ የፈለጉት ሌላ ነበር

ለመሆኑ ኢዘንበርግ ማን ነው? በ1806 በጀርመን ባርመን ተወለደ። በ1835 ዓድዋ ገባና የአገሩን ቋንቋ እየተማረ፣ የራሱን ደግሞ እያስተማረ ተቀመጠ። በ1838 ደጃዝማች ውቤ ሚስዮናውያኑን ከትግራይ አስወጧቸው። በሰሜን የተዘጋውን በር በምሥራቅ ለመሞከር ነው እንግዲህ በታጁራ የዞረው። በሰኔ 1839 አንጎለላ ላይ ከሣህለ ሥላሴ ፊት ቀረበ።

ሣህለ ሥላሴ እንግዳ የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ። ነገር ግን ከመምህር ይልቅ ሐኪም፣ ግንበኛና አንጥረኛ ነበር የሚሹት። በዚያው ዓመት ከእነ ኢዘንበርግ ጥቂት ወራት ዘግይቶ በዚያው በይፋት ቆላ በኩል የመጣው ፈረንሳዊ ሮሼ ዴሪኩር የባሩድ መሥሪያ መሣሪያ ይዞላቸው ሲመጣ ምን ያህል ደስ እንዳላቸው መገመት አያቅትም። ባሩድ ከፊደል ገበታ ይልቅ ቶሎ ይሠራል፤ ጠላትም ቶሎ ያየዋል።

በንጉሡ አንፍረድ። እኛም ዛሬ እንደዚያው ነን። ዕቃው ይገዛል፣ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል። ዕቃውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱት የሚያስረዳው ወረቀት ግን በማይታወቅ ቋንቋ ተጽፎ ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል። ማሽን ማስመጣትና ማሽኑን በቋንቋችን ማስረዳት ሁለት የተለያዩ ወጪዎች መሆናቸውን ለመረዳት ብዙ መንግሥታት ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ክራፕፍ አንኮበር ቀርቶ ጥቂት ተማሪዎችን ማስተማር ያዘ። ኢዘንበርግ ግን ሸዋ የቆየው አምስት ወር ብቻ ነው። በኅዳር 1839 የመጣበትን መንገድ ይዞ ወደ ባሕር ወረደ። ለምን? የሰበሰበውን ለማሳተም። በአገሩ አንድም ማተሚያ ቤት አልነበረማ! በአማርኛ የሚያስተምር መጽሐፍ የፈለገ ሰው መጽሐፉን ለመውለድ ለንደን ድረስ መሄድ ነበረበት።

ለንደን ላይ የተወለዱ የአማርኛ መጻሕፍት

ቀጥሎ የሆነው ነገር የሚደንቅ ነው። በ1841 የኢዘንበርግ መዝገበ ቃላት ወጣ፤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ። በ1842 የአማርኛ ሰዋስው ተከተለ። በእነዚያው ዓመታት ፊደል ማስቆጠሪያ፣ ጂኦግራፊና የዓለም ታሪክ በአማርኛ አሳተመ። በ1843 ደግሞ የእሱና የክራፕፍ የጉዞ ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ታተመ። አስተማሪው አሳታሚ ሆነ፤ አሳታሚው ደግሞ አስረጂ።

መዝገበ ቃላቱና ሰዋስው ለእንግሊዝኛ አንባቢ ናቸው። ፊደሉ፣ ጂኦግራፊውና ታሪኩ ግን ለአማርኛ አንባቢ የተጻፉ ናቸው። በአማርኛ መጽሐፍ ማለት ከሞላ ጎደል የሃይማኖት መጽሐፍ በነበረበት ዘመን ስለ አህጉራትና ስለ ባሕሮች ለተማሪ የሚያወራ የታተመ መጽሐፍ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን የሞከረ ሁሉ የሚገጥመው ችግር አንድ ነው። ለነገሩ ስም የለውም። ስም የሌለውን ነገር ለመጥራት ደግሞ ሦስት መንገድ ነው ያለው። ወይ የባዕዱን ቃል እንዳለ መቀበል ነው፤ "ኮምፒውተር" እንዳልነው። ወይ ከግእዝ ቆፍሮ ማውጣት ነው፤ "ሕዋስ" እንዳልነው። ወይ ደግሞ ገጣጥሞ መሥራት ነው፤ በትምህርት ቤት ምላሳችንን ያሰረው "ብርሃን አስተፃምሮ" ትዝ ይላችኋል? እያንዳንዱ ምርጫ ዋጋ አለው። የባዕዱ ቃል ቶሎ ይለመዳል፣ ትርጉሙን ግን አይናገርም። የግእዙ ያምራል፣ ነገር ግን ራሱ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ይህን ክርክር የዛሬ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅም፣ የማንዋል ጸሐፊም፣ የዜና ክፍል አርታኢም በየቀኑ ያደርገዋል።

በሩ ተዘጋ

መጽሐፉ ታተመ። አንባቢው ጋ እንዴት ይድረስ?

ክራፕፍ በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ወጥቶ በወሎ በኩል ወደ ባሕር ሲሄድ ተዘረፈ። ኢዘንበርግም ከአውሮፓ ተመልሶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከክራፕፍ ጋር በታጁራ በኩል እንደገና ሸዋ ለመግባት ሞከሩ። ሣህለ ሥላሴ አልፈቀዱም። ያ የይፋት ቆላ በር፣ በ1839 የተከፈተላቸው በር፣ ተዘጋ። በ1843 በትግራይ ሞከሩ፤ ከዚያም ተባረሩ። ኢዘንበርግ በ1844 ቦምቤይ ገብቶ በዚያ ማራቲ የሚባለውን የሕንድ ቋንቋ እየተማረ ሥራውን ቀጠለ። በ1864 አገሩ ጀርመን ላይ ሞተ። ሸዋን ዳግመኛ አላያትም።

ሰውየውን ጀግና አድርገን ለማቅረብ አይደለም። የመጣው ሰብኮ ሊያስቀይር ነው፤ የተባረረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአገሩ ካህናትም ሆኑ መኳንንት የጠረጠሩት በከንቱ አልነበረም። ይህን ትተን ሥራውን ብቻ ብናይ እንኳ ትልቅ ጉድለት ይታየናል። መጽሐፉ ለንደን ነው፤ ተማሪው አንኮበር ነው። በመካከል ባሕር፣ በረሃና የንጉሥ ፈቃድ አለ። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የለም። ስሕተቱን አርሞ እንደገና የሚያትምበት ማሽን በአቅራቢያው የለም። "ይህ ቃል እንዲህ አይባልም" የሚለው የአልዩ አምባ ነጋዴ ወይም የአንኮበር ደብተራ ከጎኑ የለም። የትምህርት መጽሐፍ ደግሞ ያለ መላሽ አይኖርም፤ ተማሪው ካልጠየቀበት መጽሐፉ አያድግም።

በሽፋኑ ላይ ያልተጻፉት

አንድ ጥያቄ ግን እንዲሁ አናልፈውም። ለእነዚህ ሁሉ የውጭ ሰዎች አማርኛ ያስተማራቸው ማን ነው?

ከኢዘንበርግ በፊት ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ፍራንክፈርት ላይ አሳትሟል። የሉዶልፍ መምህር አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ አገራቸው መካነ ሥላሴ፣ የዛሬው ወሎ። ሉዶልፍ ሮም ላይ በ1649 አገኛቸው፤ በ1652 ወደ ጎታ ተጋብዘው ሄደው ጥያቄውን ሁሉ ሲመልሱለት ከረሙ። በ1658 የተሳፈሩበት መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ሰዋስው የታተመው ከሞታቸው ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ቀጥሎ አባ አብርሃም፣ በተለምዶ አቡ ሩሚ የሚባሉት መነኩሴ ናቸው። ካይሮ ላይ ከፈረንሳዩ ቆንስል አስላን ደ ሸርቪል ጋር አሥር ዓመት ያህል ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተረጎሙ። የሥራቸውን መታተም ሳያዩ ሞቱ። በ1820 የእጅ ጽሑፉ በእንግሊዞች ተገዛ፤ ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው በ1840 ለንደን ታተመ። ኢዘንበርግና ክራፕፍ በየሄዱበት ያድሉ የነበረው የአማርኛ መጽሐፍ የእኚሁ መነኩሴ ልፋት ነው።

ሦስተኛው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ሮም ላይ የታላቁ ጣሊያናዊ ሊቅ የኢኛሲዮ ጉዊዲ ረዳትና አስተማሪ ነበሩ። የጉዊዲ የአማርኛና ጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት በ1901 ሲወጣ እውቀቱ ከእሳቸው አፍ የተቀዳ ብዙ ነገር ነበረበት።

ሦስቱም አስተማሩ፤ ሌላው አሳተመ። ሦስቱ እጆች በሁለት ሰው ተከፍለው ነበር፤ ማተሚያው ካለበት ወገን ያለው ሰው ስም ሽፋኑ ላይ ወጣ።

አደራው አገር ቤት ሲገባ

ታሪኩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ለሌላ ሰው መዝገበ ቃላት ብቻ አልሠሩም። የራሳቸውን የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ጀምረው ነበር። ሳይጨርሱት ለተማሪያቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ለረጅም ዓመታት፣ በኋላም አገር ቤት ተመልሰው ሥራውን እንደ አዲስ አስፋፉት። እሳቸውም ሳያሳትሙት አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ግን አደራውን ለተማሪያቸው ለደስታ ተክለ ወልድ አስረከቡ።

ደስታ ተክለ ወልድም አደራ አልበሉም። "መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ" በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አርቲስቲክ ማተሚያ ቤት ታተመ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የራሳቸው "ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት" ወጣ። የቃል ጠብ ሲነሳ እስከ ዛሬ "እስቲ ደስታ ተክለ ወልድን እንይ" የምንለው ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? በእውቀት ብቻ አይመስለንም። አባ ጎርጎርዮስም እውቀት አላነሳቸውም። ልዩነቱ አገሩ ውስጥ የተለወጠው ነገር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ተከፍቷል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ መምህሩ፣ ማተሚያ ቤቱና ተማሪው በአንድ ከተማ ተገናኙ። የጻፈው ሰው ያነበበውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ የተሳሳተውን ይነገረዋል። ለአንድ መጽሐፍ ሦስት ትውልድ መውሰዱ ብዙ ቢመስልም፣ ከመርከብና ከንጉሥ ፈቃድ ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ መንግሥትም ሥራውን ይዞታል። የአማርኛ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆነ። በዚያ የተጀመረው የሙያ ቃላት ሥራ "የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት" ሆኖ በ1989 ዓ.ም. ታተመ። ኢዘንበርግ ብቻውን የተጋፈጠው የስያሜ ጥያቄ የብዙ ባለሙያዎች የጋራ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ቆላው ስንመለስ

አሁን እንደገና ወደ ሸዋ ሮቢት እንውረድ። ከዚያ የቅፍለት መንገድ አራት ቋንቋዎች መካከል ዛሬ የትኞቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል?

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። አማርኛ ነበረበት፣ ኦሮምኛ ነበረበት፣ አፋርኛም ነበረበት። አርጎብኛ ግን አልነበረበትም። የአልዩ አምባ ገበያ ቋንቋ፣ የይፋት ቆላ የራሱ ልጅ፣ ከ15ቱ ውጭ ቀረ። ዛሬ የአርጎባ ሕዝብ በአብዛኛው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይነጋገራል። የአርጎብኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1997 በጀርመን ያሳተመው ቮልፍ ሌስላው ነው። ለምሁራን ትልቅ ውለታ ነው፤ ለአርጎባ ልጅ ግን መማሪያ አይደለም። አያችሁ? ያ የ1841 ታሪክ በአንድ ቋንቋ ላይ ገና አላለቀም። መጽሐፉ ባሕር ማዶ፣ ተናጋሪው ቆላ።

አማርኛም ቢሆን ሁሉን አልጨረሰም። የሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ገበሬ የፀረ ተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ይዞ ማሳው ዳር ሲቆም ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በምን ቋንቋ ነው? ለአንድ ጀሪካን ውኃ ስንት ይጨመር? ከተረጨ በኋላ ሽንኩርቱ ሳይነቀል ስንት ቀን ይቆይ? ይህን በማይሳሳት፣ በሚገባ፣ ገበሬው በሚናገረው አማርኛ የሚጽፍ ሰው የገበሬውንም ሳንባ፣ ወጡን የሚበላውን ከተሜም ሆድ ይጠብቃል። የዚህ ሰው ሥራ ከደስታ ተክለ ወልድ ሥራ ያነሰ አይደለም፤ የዚያው ሥራ ሌላኛው ጫፍ ነው።

እና ያ "መርጋት ያቃተው" ጓደኛችን? ሲያስተምር ሰው የቱ ላይ እንደማይገባው ተማረ። መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ያንን በወረቀት ላይ ማስተካከል ተማረ። አሁን ማንዋል ሲጽፍ ሁለቱንም እየተጠቀመ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ "ሙያህ ምንድን ነው?" ብለው ሲጠይቁት በአንድ ቃል መመለስ ይችላል፤ "ማስረዳት"። ሥራ ከጠፋበት ደግሞ ወደ ይፋት ቆላ ይውረድ፤ መጽሐፉን እየጠበቀ ያለ አንድ ሙሉ ቋንቋ አለ።

ቸር እንሰንብት!